ነሐሴ 1 አኦሞሪ፣ ነሐሴ 16 ቆቦ

እኔ የቆቦ ልጅ ነኝ፤ የነሐሴውን የልጃገረዶች በዓላችንን፣ ሶለልን፣ እየተጫወትኩ ነው ያደግሁት። ስለዚህ አምና ጥር ላይ ለስልጠና ጃፓን ሄጄ በእረፍት ቀናችን «ዛሬ የበዓል ሙዚየም እንጎበኛለን» ሲሉን ብዙም ደስ አላለኝም። በዓል እኮ ሰው ነው፣ ላብ ነው፣ አቧራ ነው። አዳራሽ ውስጥ ቆልፈውት ምን ይተርፈዋል?

ከተማዋ አኦሞሪ ትባላለች። ሆንሹ የሚባለው ትልቁ ደሴታቸው ሰሜን ጫፍ ላይ ያለች የባህር ከተማ ናት፣ በረዶዋ ለጉድ ነው። ሙዚየሙ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ተከፈተ፣ ስሙም ዋ ራሴ።

ጨለም ያለ አዳራሽ ገባን። ቀና ስል ቤት የሚያህል ጦረኛ ዓይኑን አፍጥጦብኛል። ከውስጡ መብራት በርቷል፤ ጥርሱ፣ የጣቱ ጥፍር፣ የልብሱ እጥፋት ሁሉ ያበራል። ኔቡታ ይሉታል። ወርዱ 9 ሜትር፣ ከፍታው ከተጫነበት ጋሪ ጋር 5 ሜትር ይደርሳል። እና ወረቀት ነው! መጀመሪያ አጽሙን በሽቦ ይሠሩታል፣ ሽቦው ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ፣ በጥቁር ቀለም መስመሩን ያወጡና የቀለሙ ድንበር እንዳይፈስ፣ ብርሃኑም እንዲያልፍ በሰም ይቀቡታል። ድሮ ውስጡ ሻማ ነበር፣ ዛሬ በመቶ የሚቆጠር አምፖል ነው። አንድ ጥግ ላይ ቀለም ያልነካው ቁራጭ ነበር፤ «ንኩት» አሉን። እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሯል። በጣቴ መታ ሳደርገው ድም አለ።

ይህን ቡና ላይ ለእናቴ ስነግራት ወዲያው «ወረቀት ነው ያልሽኝ? በክረምት? ዝናብ ቢመጣስ?» አለችኝ። ፕላስቲክ ያለብሱታል እማ፣ አልኳት። ጉዞው አይቀርም።

የኔቡታ በዓል በየዓመቱ ከኦገስት 2 እስከ 7 ነው። በእኛ ሲቆጠር ሐምሌ 26 ገብቶ ነሐሴ 1 ያበቃል፤ ልክ እኛ ፍልሰታን ስንይዝ ማለት ነው። ከ20 የሚበልጡ ኔቡታዎች ማታ ማታ በሰው እየተገፉ መንገዱን ይሞሉታል፣ በመጨረሻው ምሽት በውድድሩ ያሸነፉት ጀልባ ላይ ተጭነው ርችት እየተተኮሰ ባህር ላይ ይዞራሉ። ከዚያ ይፈርሳሉ። አዎ፣ ይፈርሳሉ! ወራት የተለፋበት ሥራ ይቀደዳል፣ ሙዚየሙ የሚያስቀምጠው ጥቂቱን ብቻ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ከዜሮ ይጀመራል። እኔን የገረመኝ ይኼ ነው፤ በየዓመቱ እንደ አዲስ ስለሚሠሩት ሙያው ከእጅ አይጠፋም። አባት ለልጅ ያስተምራል። አሳኮ ኪታሙራ የምትባል ባለሙያ ከአባቷ ተምራ እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያዋ ሴት የኔቡታ ሠሪ ሆናለች። ይህን ስሰማ ዝም ብዬ ደስ አለኝ።

ሙዚየሙ ውስጥ ቀጥሎ ከበሮው መጣ። ጃፓኖቹ የሚመቱት በእጅ ሳይሆን በረጃጅም ቀጫጭን ዱላ ነው። አጠገቡ የቀርከሃ ዋሽንት ይነፋል፣ በእጅ የሚጋጩ ትንንሽ የናስ ሳህኖች አሉ። አንዲት በእድሜ ገፋ ያሉ ሴትዮ ዱላውን ሰጡኝና ምቱን በጉልበቴ ላይ እየመቱ አስያዙኝ። ከዚያ ጭፈራው፦ በአንዱ እግር ሁለት ጊዜ እንጣጥ፣ በሌላው ሁለት ጊዜ እንጣጥ፣ አፍ ደግሞ «ራሴራ! ራሴራ!» እናቴ እዚህ ጋ «ራሴን ነው የሚሉት?» ብላ ሳቀች። የሙዚየሙም ስም የመጣው ከዚሁ ጩኸት ነው። በዋናው በዓል የጭፈራውን ልብስ የለበሰ ሁሉ ይገባል፤ ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ የለም። ልብሱ ላይ ትንንሽ ቃጭሎች ይንጠለጠላሉ፣ ሲዘሉ ይወድቃሉ። ከመሬት አንዷን ያገኘ እድል ቀናው ይባላል።

በጥር ብርድ፣ በዓሉ ሰባት ወር ሲቀረው፣ አልቦኝ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ወሎ ነው የማስበው። ለገና ላሊበላ የሚመጣ እንግዳ ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉን ያያል፣ አሸንድዬን ግን አያያትም፤ እሷ የነሐሴ ናት። የቆቦ ሶለልም፣ የሰቆጣ ሻደይም ነሐሴ 16 ካልመጣህ የሉም። ጀማ ንጉሥ ከሚባለው የወሎ ቦታ ለመውሊድ ያልደረሰ ሰው መንዙማና ድቤ በሕዝብ መሐል ምን እንደሚመስል በወሬ ነው የሚሰማው። ፎቶ ግድግዳ ላይ መስቀል ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። እኔ የምመኘው እንግዳው በጥርም መጥቶ ከበሮውን በእጁ የሚመታበት፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ ድሪ አጥልቃ እንዴት እንደሚጨፈር የምታሳይ የሰፈር ልጅ የምትቆምበት ቦታ ነው። ላሊበላ ይሁን፣ ቆቦ ይሁን፣ ሙዚየሙ በ2014ቱ ጦርነት የተዘረፈባት ደሴ ትሁን፣ አንድ ክፍል ይበቃል። የሚያስተምሩት እናቶች አሁንም በሕይወት አሉ፣ አብሽሩ የሚላቸው ብቻ ነው የሚፈልጉት።

እናቴን ጠየቅኳት። «አንቺ ብትሆኚ እዚያ ክፍል ምን ታስቀምጫለሽ?»

ሁለተኛውን እየቀዳች ትንሽ አሰበች። «ከበሮውን። ቀሚሱን። ኩሉን ከነብልቃጡ» አለች። ለሶለል ወገባችን ላይ የምናስረውን ሣር አልጠራችም፣ ስለዚህ አስታወስኳት።

«እሱ ይደርቃል ልጄ። እሱንስ ልጆቹ በየዓመቱ ነቅለው ይዘው ይምጡ።»