የሐዋሳ ፓርክና በአንድ ቀን የሚጠየቅ ብድር

መንግሥት ተበደረ ሲባል ሁሉም "ስንት?" ብሎ ይጠይቃል። እኔ የማስቀድመው "በምን ገንዘብ? የሚመለሰውስ መቼ ነው?" የሚለውን ነው። ምክንያቱን ለማየት ከሐዋሳ መውጣት አያስፈልግም።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ገንዘቡ የመጣው ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2007 ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ገበያ ካቀረበችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ፣ ማለትም ለውጭ ገንዘብ አበዳሪዎች ከሚሸጥ የመንግሥት የብድር ሰነድ፣ ነው። ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ ነበር፤ በየስድስት ወሩ፣ በሰኔና በታኅሣሥ፣ 33.125 ሚሊዮን ዶላር ይከፈል ነበር። ዋናው ብድር ግን አይነካም ነበር። ቤት በባንክ ብድር የገዛ ሰው በየወሩ ከዋናውም ከወለዱም እየከፈለ ዕዳውን ያቀልላል። እዚህ ግን በውሉ መሠረት አሥር ዓመት ወለድ ተከፍሎም ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ላይ 1 ቢሊዮኑ እንዳለ የሚጠየቅ ነበር። በየዓመቱ 100 ሚሊዮን ዶላር ለብቻው ካልተቀመጠ ያለው መንገድ ሌላ ተበድሮ መክፈል ብቻ ነው።

የብር መርከስ ሲጨመርበት ይብሳል። ቦንዱ ሲሸጥ አንድ ዶላር 20 ብር አካባቢ ስለነበር ዋናው ብድር 20 ቢሊዮን ብር ያህል ነበር። ምንዛሪው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር 120 ብር ሲደርስ፣ አንድም ዶላር ሳይጨመርበት፣ ያው ዕዳ 120 ቢሊዮን ብር ሆነ። ግብር የሚሰበሰበው በብር ነውና ክፍተቱን የሚሸፍነው በጀቱ ነው።

ፓርኩ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ ከአሥሩ ዓመት አንድ ዓመት ተኩል አልፏል። ከዚያ ሼዶቹ ተከራይ ማግኘት፣ ሠራተኛ መሠልጠን፣ ምርት መውጣት አለበት። ባለሀብቶቹ ለዓመታት የሚዘልቅ የገቢ ግብር እፎይታ አላቸው፤ ወደ ውጭ ተልኮ የሚገባው ዶላርም መጀመሪያ የላኪው እንጂ የመንግሥት አይደለም። በታኅሣሥ 2014 ደግሞ አጎዋ የሚባለው፣ ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የማስገባት ዕድል፣ ተቋረጠ። ፓርኩን መሥራቱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ያልገጠመው የብድሩ ዕድሜ ነው። ፍሬው ሳይበስል ዕዳው ደረሰ።

በታኅሣሥ 2016 የወለዱ ክፍያ ቀረ። መንግሥት ምክንያቱን ሲገልጽ አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ለማየት ነው አለ፤ ቡድን 20 የተባሉት ትልልቅ ኢኮኖሚዎች ባወጡት ማዕቀፍ የዕዳ ሽግሽግ ጠይቆ ስለነበር።

ከዓለም ባንክ የልማት ማኅበር በመደበኛው ውል የሚገኘው ብድርም በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የምንዛሪው አደጋ አይቀርለትም። ነገር ግን የአገልግሎት ክፍያው 0.75 በመቶ ሆኖ፣ ዋናው ብድር የማይከፈልበት 6 ዓመት እፎይታ ተሰጥቶት፣ በ38 ዓመት ውስጥ በትንሽ በትንሹ ይመለሳል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የብድር አዋጅ ሲያጸድቅ ዜናው እነዚህን ቁጥሮች አብሮ ይናገራል። ከመጠኑ በፊት የእፎይታ ዓመቱን ይያዙና ፕሮጀክቱ ግንባታው አልቆ ገቢ ማስገባት ከሚጀምርበት ዓመት ጋር ያስተያዩት።