«ጉድ ናይት» ብዬ የሸኘሁት ደንበኛ

የደብረ ብርሃን ብርድ እንደምታውቁት ነው፣ እኔ ግን ዛሬ ማታ ከሀፍረት የተነሳ አልቦኛል። 1 ሰዓት አካባቢ ሱቄ ቁጭ ብያለሁ አንድ ፈረንጅ የተሰቀለውን በርኖስ እያየ ገባ፣ ብድግ ብዬ ደረቴን ነፍቼ «ጉድ ናይት!» አልኩት። ሰውየው ሰዓቱን አየ፣ «ኦ፣ ጉድ ናይት» ብሎ ወጣ 😂 ዘግተናል ያልኩት መስሎታል ለካ!

ሰባተኛ ክፍል ያለችው የእህቴ ልጅ ሆዷን ይዛ እየሳቀች «ጋሼ ማታ ስትገናኙ ጉድ ኢቭኒንግ ነው፣ ጉድ ናይት እኮ ስትለያዩ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እኛስ እንግዳ ሲገባ «እንደምን አመሸህ» እንጂ «ደህና እደር» እንላለን እንዴ? ስትተዋወቁ ናይስ ቱ ሚት ዩ፣ በሌላ ቀን ስትገናኙ ደሞ ናይስ ቱ ሲ ዩ ነው አለች፣ እሺ። ሃው አር ዩ ሲሉህ ግን ፋይን፣ አንተስ፣ በቃ አለቀ የምትለው አልተዋጠልኝም፣ መንዝ አክስቴ ቤት ገብተህ ስለ ልጆቹ ስለ ከብቱ ስለ አዝመራው ሳትጠያየቅ እንዴት ትቀመጣለህ?

በርኖሱ እንደተሰቀለ ነው። ነገ ብቅ ካለ ጉድ ሞርኒንግ እለዋለሁ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ከመጣ ማለቴ ነው 🙈