ጋሼ ያለኝ «ልጅ»

የተጫዋቾች መግዣ የዕድሜ ሠንጠረዡን ሁለት ሌሊት አምሽቼበታለሁ። ከ20 እስከ 24 አረንጓዴ፣ እስከ 28 ቢጫ፣ ከ30 ጀምሮ ቀይ። 29ን ነጭ ተውኳት፤ ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። 2009 ዓ.ም. ነው፤ ወሎ ውስጥ የአንድ እግር ኳስ ክለብ ሂሳብ ሹም ነበርኩ። የሚያውቀኝ ክለቡን ያውቀዋል።

ኮቹ 31 ዓመት የሞላው ተከላካይ አማካይ ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ በዚያው ቦታ የሚጫወት፣ መልቀቂያው ላይ የትውልድ ዘመኑ «1987» የተባለ ልጅ አግኝቻለሁ። 22 ዓመት። አረንጓዴ። የፊርማው ገንዘብ ያው ነው።

ቦርዱ ሊሰበሰብ ሲል ኮቹ ቢሮዬ ገቡ። ሠንጠረዡን ዘረጋሁላቸው። አጥቂውን ሼቭቼንኮን ጠራሁ፤ በፈረንጅ 2006 ቼልሲ በ29 ዓመቱ ወደ 30 ሚሊዮን ፓውንድ አፍስሶበት፣ በሁለት የውድድር ዘመን ሊጉ ላይ ያገባው 9 ጎል ነው። የያኔው የአርሰናል አሰልጣኝ አርሰን ቬንገር 30 ላለፈ ተጫዋች ከአንድ ዓመት በላይ ውል መስጠት የማይወዱት ለዚህ ነው አልኩ። ዕድሜው የገፋን ሰው መልሶ የሚገዛህ የለም።

ቡናቸውን ፉት አሉና፣ «ቫን ፐርሲ ሲሸጥ ስንት ዓመቱ ነበር?» አሉኝ።

አርሰናል መሆኔን ያውቃሉ። እሳቸው ማንቼ ናቸው። ሆን ብለው ነው።

«29።»

«ለእኛ በስንት ሸጣችሁት?»

«24 ሚሊዮን ፓውንድ።»

«አተረፋችኋ! በዚያው የውድድር ዘመን ሊጉ ላይ 26 ጎል አገባ። ዋንጫውን ማን በላ?»

ነጯ ረድፍ ገባቻችሁ? ኤክሴልም ያማል።

«እሺ የፈረንጁን ተወው፤ እኛ ተጫዋች ሸጠን እናውቃለን?»

ፋይሉ እኔ ጋ ነው። አንድም ሸጠን አናውቅም። እኛ ዘንድ ውል አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ነው፤ ሲያልቅ ሰውየው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ውልቅ። ታዲያ «መልሶ ሲሸጥ የሚያወጣው» በሚለው አምድ ውስጥ የደረደርኩት ቁጥር ከየት መጣ? እኔም አላውቅም። አምዱ ባዶ ሲሆን አያምርም።

«አንተ ራስህ ስንት ዓመትህ ነው?»

«31።»

ሠንጠረዡ ላይ ቀዩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «አብሽር!» ብለውኝ ወጡ።

ቦርዱ የእኔን ልጅ አስፈረመ። ቀለሙ ነው ያሸነፋቸው።

ልጁ ግን ጉድ ነበር። አይሮጥም ማለት ይቻላል፤ ኳሷ የምትመጣበት ቦታ ቀድሞ ቆሞ ይጠብቃታል። ሁሉን ሰው አክባሪ ነው። እኔን «ጋሼ» ነው የሚለኝ። ደስ ይለኝ ነበር።

ጥር ላይ፣ የወልዲያው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አልአሙዲ ስታዲየም በተመረቀ ሰሞን፣ የተጫዋቾችን ማኅደር ሳስተካክል የፓስፖርት ኮፒውን አየሁት። አረብ አገር ሙከራ ሊሄድ ያወጣው ነው። የትውልድ ዘመን፦ ማርች 1987። ፓስፖርት ደግሞ በፈረንጅ ነው። በእኛ መጋቢት 1979።

አስጠራሁት። ኮፒውን አየው፣ እኔን አየኝ።

«ጋሼ፣ የጠየቀኝ ሰው የለም እኮ» አለ።

እውነቱን ነው። መልቀቂያው ላይ «ዓ.ም.»ም «እ.ኤ.አ.»ም የለም፤ ዓ.ም. ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በላይ የማልበልጠው ሰው ስንት ወር ሙሉ ጋሼ ሲለኝ ከረመ! ከኮቹ ጋር የተጣላሁትም ለካ በሁለት ዓመት ልዩነት ነው።

ኮቹ ጋ ሄጄ ተናዘዝኩ። አልደነገጡም።

«የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ነው ያወቅሁት። ሳይሮጥ ቦታውን የሚያውቅ የ22 ዓመት አማካይ የት አይተህ ታውቃለህ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ፈልጌ ያጣሁትን ሰው ነዋ ያመጣህልኝ!»

ሰኔ ላይ ቦርዱ «ክለቡ በወጣቶች ላይ እንዲያተኩር ላደረገው አስተዋጽኦ» የሚል የምስጋና ደብዳቤ ሰጠኝ። ኮቹ ከሁሉም በላይ አጨበጨቡ።

በወሩ ልጁ ውሉን ጨርሶ ሌላ ክለብ ሄደ፤ አንድ ብር አላገኘንበትም። መልቀቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የትውልድ ዘመን የሚለው ጋ ስደርስ ትንሽ አሰብኩ። «1987» ብዬ ጻፍኩና ማኅተሙን አሳረፍኩበት።