ሙጋ ወንዝ ዳር የባሕር ዛጎል ፍለጋ

ጎጃም ውስጥ ባሕር ነበረ ስላችሁ ጣናን እንዳታስቡ። የማወራው ስለ ጨዋማው ባሕር ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ መንገዱ ዳር ነጣ፣ ቢጫ ቢጫ ያለ ንብርብር ድንጋይ ታያላችሁ። የኖራ ድንጋይ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ በጁራሲክ ዘመን፣ ከደቡብ ምሥራቅ በኩል የገባ ባሕር ይህን አገር ሸፍኖት ነበር። ድንጋዩ የዚያ ባሕር ወለል ነው። ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ውፍረቱ ወደ 400 ሜትር ይደርሳል። ባሕር ከነበረ ደግሞ ውስጡ የኖረ ፍጡር ነበረ ማለት ነው።

እኔ ጂኦሎጂስት አይደለሁም። ጓደኛዬም እዚያው አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ስለ ቅሪተ አካል ሲያስተምር ምሳሌው ሁሌ አፋር ነው። ሐዳር፣ ሉሲ፣ እ.ኤ.አ. 1974። ተማሪዎቹ ታዲያ «ቲቸር፣ እኛ አገርስ?» ይሉታል። እሱም «አለ» ይላቸዋል። «አሳየን» ሲሉት ግን የሚያሳያቸው ነገር የለውም። አንድ ቀን ደወለልኝና «ስማ፣ ዝም ብለን ከምናወራ ለምን ወርደን አናይም?» አለኝ። እኔ ለእንዲህ ያለ ነገር ብዙ መለመን አያስፈልገኝም።

ሙጋን የመረጥነው በምክንያት ነው። ወንዙ የሚነሳው ከጮቄ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነ ተራራ። ከዚያ ሜዳውን አቋርጦ ወደ ዓባይ ሲቃረብ መሬቱን እየሰነጠቀ ይወርዳል። ሲወርድ የድንጋዩን ንብርብር በተራ ይገልጠዋል። ላይኛው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ባዛልት። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከመሬት ውስጥ ፈሶ የወጣ እሳተ ገሞራ ነው። ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ዛጎል መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ አለ፣ ቀጥሎ ቀላ ያለ የጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋዩ ይመጣል። እሱን አልፋችሁ ብትወርዱ ጄሶ ያለበት ንብርብር ታገኛላችሁ። ከሁሉም በታች ደግሞ ሌላ የአሸዋ ድንጋይ አለ። ይህን ቅደም ተከተል በቃል መያዝ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። የቆማችሁበትን ንብርብር ካወቃችሁ ምን እንደምትጠብቁ ታውቃላችሁ።

የሄድነው ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ጎደል ሲል፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ወንዙ አያስጠጋም። ሚያዝያ ደግሞ ቆላው ያነዳል፣ ድንጋዩ ሁሉ አቧራ ለብሶ አንድ ዓይነት ይመስላል። ከክረምት በኋላ ግን ጎርፉ ጠጠሩን ገለባብጦታል፣ የፈፋውን ግድግዳ አዲስ ቆርጦታል። እርጥብ ድንጋይ ላይ ቅርጽ ይጎላል። ዋጋው ጭቃው ነው።

ስለ ጭቃው ትንሽ ላውራ። ወንዙ ዳር ያለው ጭቃ ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ስታዩት ጠንካራ ነው። ስትረግጡት እስከ ጉልበት ይውጣችኋል። ጓደኛዬ ከከተማ የገዛውን ቦቲ ኮራ ብሎ ተጫምቶ መጣ። ገና ወንዙ ዳር ስንደርስ እግሩ ወጣ፣ ቦቲው እዚያው ቀረ። መንገድ ሊያሳየን አብሮን የወረደው የሠፈሩ ልጅ ሳቁን አፍኖ በእጁ ጎትቶ አወጣለት። እሱ ያደረገው ኮንጎ ነው። ውኃም ጭቃም በቀዳዳው ይወጣል፣ እግር ላይ በዘለበት ይያዛል፣ ወንዝ ውስጥ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል። ለዚህ ሥራ ኮንጎን የሚያህል ጫማ የለም። ሁለተኛው ነገር ረጅም ዱላ ነው። ከመርገጣችሁ በፊት ወግታችሁ ታዩበታላችሁ፣ ድንጋይም ትገለብጡበታላችሁ። እጃችሁን ድንጋይ ሥር አትስደዱ፤ እባብ ሊኖር ይችላል።

ከመውረዳችን በፊት ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ሄደን ነገርናቸው፣ ቀበሌውም አወቀን። ይህን የምጽፈው ለፎርማሊቲ አይደለም። ቅሪተ አካል ቅርስ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መቆፈር አይቻልም። ስለዚህ ደንባችን ግልጽ ነበር። እናያለን፣ ፎቶ እናነሳለን፣ ቦታውን እንመዘግባለን፣ ድንጋዩን ባለበት እንተወዋለን። መዶሻም አልያዝንም። አስቀድሞ መናገር ሌላ ጥቅምም አለው። ሁለት ሰው ወንዝ ዳር ጎንበስ ቀና እያለ ድንጋይ ሲያይ ወርቅ ፈላጊ መባሉ አይቀርም። አስቀድሞ የተናገረ ሰው ግን በሰላም ይሠራል።

ጠዋቱን ሙሉ ዋናው ወንዝ ውስጥ ያለውን ጠጠር ስናገላብጥ ዋልን። ጥቁር ድንጋይ፣ ጥቁር ድንጋይ፣ አሁንም ጥቁር ድንጋይ። ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው። ወንዙ ከላይ ከጮቄ ጀምሮ የሚያመጣው ባዛልት ነው። ባዛልት ጠንካራ ስለሆነ መንገዱን ይችላል። የኖራ ድንጋይ ግን ለስላሳ ነው፤ ጠንካራው እየፈጨ ይጨርሰዋል። ዋናው ወንዝ ውስጥ ዛጎል ቢገባ እንኳ ሩቅ አይሄድም።

ጓደኛዬ ቁጭ ብሎ በሶውን እየበጠበጠ «ከትልቁ ወንዝ እንውጣ» አለ። ዘዴያችን የተገኘው እዚያ ነው። ወንዙን ተከትለን እየሄድን ከጎን የሚገባው ፈፋ ሁሉ አፉ ላይ ቆመን እናያለን። ፈፋው ያወረደው ጠጠር ጥቁር ብቻ ከሆነ እናልፋለን። ነጭ ድንጋይ ከተቀላቀለበት እንገባለን። ከገባን በኋላ ነጩን እየተከተልን ወደ ላይ እንወጣለን። ወደ ምንጩ በቀረብን ቁጥር ድንጋዩ እየተለቀ፣ ጠርዙ እየሰላ ይሄዳል፤ ብዙ አልተንከባለለማ። ነጩ በድንገት ከጠፋ ንብርብሩን አልፈነዋል ማለት ነው፤ ተመልሰን ግድግዳውን እናያለን። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። የወደቀ ቁራጭ አግኝቶ መደሰት ቀላል ነው። ከየት እንደወደቀ እስኪደርሱበት መከተል ነው ሥራው።

ከፈፋዎቹ አንዱ ውስጥ፣ ከግድግዳው ተገምሶ የወደቀ የምጣድ ክዳን የሚያክል ዝርግ ድንጋይ ነበረ። ግማሹ በጭቃ ተሸፍኗል። ሃይላንድ ውስጥ የቀረውን ውኃ አፈሰስንበትና በጥርስ ብሩሽ ቀስ ብለን አጸዳነው። መጀመሪያ የታየው ጉብ ጉብ ያለ ነገር ብቻ ነው። ጭቃው ሲለቅ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ዛጎሎች አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረው ወጡ። ከአናታቸው ጀምሮ ወደ ጠርዝ የሚበተን ሽንሽን አላቸው። ሁለቱ ክዳኖች የሚገጥሙበት መስመር ቀጥ ያለ አይደለም፤ ዚግዛግ ነው። በአጉሊ መነፅር ሲታይ አንደኛው ላይ ከአናቱ በኩል ሚጢጢ ክብ ቀዳዳ አለች። እንስሳው ራሱን ከባሕሩ ወለል ጋር ያሰረበት ግንድ የሚወጣው በእሷ ነበር።

ብራኪዮፖድ ይባላሉ። ዛሬ ከምናውቃቸው ባለሁለት ክዳን ዛጎሎች ጋር መልካቸው ይመሳሰላል፣ ዘመድ ግን አይደሉም። መለያው ቀላል ነው። ብራኪዮፖድን ከአናቱ ወደ ጠርዙ መሐል ለመሐል ብትከፍሉት ግራና ቀኙ እኩል ነው፣ ላይኛውና ታችኛው ክዳን ግን ይለያያል። ሌላው ዛጎል ብዙውን ጊዜ ግልባጩ ነው፤ ሁለቱ ክዳኖች እኩል ናቸው፣ የአንዱ ክዳን ግራና ቀኝ ግን አይመጣጠንም። ይህን ካወቅን በኋላ ጓደኛዬ እያንዳንዷን በጣቱ እየጠቆመ «ይቺስ?» እያለ ሲፈትነኝ ዋለ። አስተማሪ አይለቅም።

ከዚያ ወጣ ብሎ ደግሞ ኮራል አገኘን። ድንጋዩ ላይ ትንንሽ ኮከቦች ጎን ለጎን የታተሙበት ይመስላል። እያንዳንዱ ኮከብ የአንድ ትንሽ እንስሳ ቤት ነበረ። እንዲህ ያለ ኮራል የሚኖረው ሞቃት፣ ጥልቀት የሌለው፣ ፀሐይ የሚደርሰው ባሕር ውስጥ ነው። ስለዚህ ያ ድንጋይ የባሕሩን ጠባይ ጭምር ይናገራል።

የሚያታልሉም አሉ። ስንጥቅ ላይ የፈርን ቅጠል የመሰለ ጥቁር ሥዕል ስታዩ ልባችሁ ይዘላል። ተክል አይደለም፤ ውኃ ይዞት የገባ ማንጋኒዝ ነው። ባዛልቱ ቀዳዳ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነጭ ነገርም ጥርስ ይመስላል። እሱም ቀዳዳውን የሞላ ማዕድን ነው። ድንጋዩ ኖራ መሆኑን ከተጠራጠራችሁ አንድ ጠብታ አቼቶ ቅርጽ የሌለበት ተራ ስባሪ ላይ አድርጉ። ካረፋ የኖራ ነው። ዛጎሉ ላይ ግን እንዳትሞክሩ፣ ይበላዋል።

ሰዓቱም ለውጥ አለው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአናት ስለሆነች ጥላ የለም፣ ድንጋዩ ሁሉ ልሙጥ ነው። ጠዋትና አመሻሽ ላይ ብርሃኑ በጎን ሲመጣ ትንሿ ጉብታ እንኳ ጥላ ትጥላለች። ሁለት ሆኖ መሄድም የራሱ ጥቅም አለው። አንዳችን ፈፋው ውስጥ፣ አንዳችን ጠርዙ ላይ እንሆናለን፤ ከዚያ እንቀያየራለን። እሱ ያለፈውን እኔ አያለሁ፣ እኔ ያለፍኩትን እሱ። ደግሞም ሰማዩን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። እናንተ ያላችሁበት ጠራራ ሆኖ ጮቄ ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ ደራሽ ውኃ ሳይታሰብ ይመጣል። አብሮን የነበረው ልጅ «ውኃው ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ ዕቃችሁን ትታችሁ ውጡ» ብሎናል። ፈፋ ውስጥ ተቀምጦ ምሳ መብላት የሚባል ነገር የለም። ወደ ዓባይ ከተጠጋችሁ አዞም አለ፣ ቆላው ወባማ ነው። እነዚህን በአጭሩ ብጠቅሳቸውም ቀላል ሆነው አይደለም።

ከፈፋው ስንወጣ አንድ አዛውንት ገበሬ እርከን ሲጠግኑ አገኘናቸው። ሰላም አልናቸውና ያነሳነውን ፎቶ በስልክ አሳየናቸው። ብዙም አልገረማቸውም።

«ይኸማ ሞልቷል። እዚሁ ካቡ ውስጥ አለላችሁ» አሉን።

እውነታቸውን ነው። የእርከኑ ካብ ውስጥ ኮከባማው ድንጋይ ተደርድሯል።

«አያ፣ ምንድን ነው ይላሉ?» አላቸው ጓደኛዬ።

«የጥፋት ውኃ ነዋ! በኖኅ ጊዜ ምድር ሁሉ ውኃ አልነበር?»

ጓደኛዬ አልተከራከረም። «ባሕር ነበረ በሚለው ተስማምተናል» አላቸው። ሳቁና ጥሬ ሽምብራ ቆርጠው ሰጡን። ከእሳቸው ያገኘነው መረጃ ግን ከሽምብራው ይበልጣል። ለካቡ ድንጋዩን የሚያመጡት ከየትኛው ገደል እንደሆነ በጣታቸው አሳዩን። ጠዋቱን የፈጀንበትን ፍለጋ አንድ ጥያቄ ያሳጥረው ነበር። አሁን የትም ስንሄድ መጀመሪያ ካብ እናያለን፣ ቀጥሎ ባለካቡን እንጠይቃለን።

ቀላ ያለውን የጭቃ ድንጋይም አይተነዋል። የጓጓነው ምክንያት አለን። በዓባይ ተፋሰስ ሸዋ በኩል ተመራማሪዎች ይህን ከመሰለ ንብርብር የዳይኖሰር ጥርስ አግኝተዋል። እኛ ግን ምንም አላገኘንም። ትንሽ ጥርስ አፈሩን በወንፊት እያጠቡ የሚፈለግ ነገር ነው፤ ያ ደግሞ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው።

ላገኘነው ሁሉ ያደረግነው አንድ ዓይነት ነው። አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አድርገን ከላይና ከጎን ፎቶ፣ ከዚያ ራቅ ብለን ግድግዳው ጭምር የሚታይበት ፎቶ። የስልኩ ቦታ መጠቆሚያ መብራቱን ማረጋገጥ። ደብተር ላይ ከየትኛው ንብርብር እንደሆነ፣ ወድቆ ይሁን ግድግዳው ላይ እንዳለ መጻፍ። ከቦታው የተነሳ ዛጎል መደርደሪያ ላይ ያምራል፣ ግን ከምን በላይና ከምን በታች እንደነበረ ስለማይናገር ለአጥኚ የሚጠቅመው ትንሽ ነው።

ፎቶውንና ቦታውን ለወረዳው ሰጠን። ጓደኛዬም ፎቶዎቹን አሳትሞ ክፍል ይዞ ገባ። ኮራሉን ሲያሳያቸው ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይኸማ እኛ ቤት አለ። የበር ማስደገፊያ ነው።»

ከየት እንደመጣ አያቷን ጠይቃ እንድትመጣ የቤት ሥራ ሰጥቷታል።