ላዩና ታቹ በአንድ ፌስታል

ዓመታት አልፈውታል፤ ግን የገረጣ ገብስ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የልማት ሠራተኛ ሆኜ የተመደብኩት ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ነበር። የካቲት ላይ የአፈር ናሙና ዘመቻ መጣ። ፒኤች የአፈርን አሲድነት የሚለካ ቁጥር ነው፤ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበዛል። ፒኤቹ ከ5.5 በታች የሆነ ማሳ አሲዱን የሚያበርድ ኖራ ይመዘገብለታል። ከዚያ በላይ ከሆነ ይቀራል። ዘመቻውን የሚመራው ሰው ጠዋት ጠዋት "ለአንድ አባወራ አንድ ፌስታል" እያለ ያሰማራናል። ማታ ፌስታል ይቆጠራል። ከየትኛው መሬት እንደተቆፈረ የሚጠይቀን አልነበረም።

በ3ኛው ቀን የደረስኩበት ማሳ ተዳፋት ነው። ላዩ ቀይ አፈር፣ ታቹ ወንዙ ዳር ዋልካ። ቀዩ ላይ የናሙና መቆፈሪያው ኦገር ሳያስቸግር ገባልኝ። ዋልካው ግን ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። ዶማ ተውሼ ነው 20 ሳንቲ ሜትር የቆፈርኩት።

ባለማሳው ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ ከኋላዬ ይከተሉኛል። የላዩንም የታቹንም አንድ ባልዲ ውስጥ ስገለብጥ ሲያዩ ቆሙ።

"ልጄ፣ ምን እያደረግህ ነው?"

"አፈሩን እየቀላቀልኩ ነው አያ። አማካዩን ለማወቅ ነው።"

ባልዲውን ጎንበስ ብለው አዩት። ከላይ ቀዩ፣ ከሥር ጥቁሩ ጓል ይታያል።

"የሁለት ላም ወተት አንድ ግሬራ ውስጥ አልበህ፣ የትኛዋ እንደታመመች በምን ትለያለህ?"

ዝም አልኩ። እሳቸው ግን ቀጠሉ። ላዩ ባቄላ እንቢ ካላቸው ቆይቷል። ገብሱም ከዓመት ዓመት እያጠረ ነው። ግብጦ ብቻ ያምርበታል። ታቹ ግን ፈሰስ አውጥተው ክረምት ውኃውን ካሸሹለት ጤፍ ይሰጣቸዋል። ጤፍ ባልዘሩበት ዓመት ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘሩበታል።

ኮሌጅ የተማርኩትን ነው የነገሩኝ። አፈር አሲድ ሲሆን አሉሚኒየሙ ይሟሟና ሥር ይጎዳል። ባቄላ ቶሎ ይሸነፋል፣ ግብጦ ይችለዋል። ቀለሙ የተለየ፣ ተዳፋቱ የተለየ መሬት ለየብቻው ናሙና እንደሚወሰድለትም አውቅ ነበር። መመሪያው ላይ አለ። ከታች መኪናው ጥሩምባ ነፋ። ቀላቅዬ አንድ ኪሎ ያህል ፌስታል ውስጥ ከተትኩና ቋጠርኩት። ሽማግሌው ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ውጤቱ 5.6 ሆኖ መጣ። ኖራው ቀረ።

ነሐሴ ላይ በዚያ ሳልፍ ጠሩኝ። ላዩ ገብስ ተዘርቷል። ከቁርጭምጭሚት ብዙም አላለፈም፤ ቅጠሉ ገርጥቷል። አንዱን ነቅለው ጭቃውን አራገፉና መዳፌ ላይ አኖሩት። ሥሩ አጭር፣ ወፍራምና ጫፉ የደነዘዘ ነው። ጤነኛ የገብስ ሥር እንደ ክር ይበተናል። ይሄ የተቆረጠ ጣት ይመስላል።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ "ማዳበሪያውን በብድር ነበር ያመጣሁት" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ባለ አፈር ማዳበሪያው ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ ብረቱና አሉሚኒየሙ ይይዙታል፤ ሰብሉ የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። የተበደሩት ገንዘብ አፈር ውስጥ ታስሮ ነበር። እኔ ባልዲው ላይ ቆሜ እምቢ ብል ኖሮ ይሄ ባልሆነ።

መኸሩ እንደተነሳ በራሴ ጊዜ ሄጄ እንደገና ቆፈርኩ። ላዩ 4.8፣ ታቹ 6.4። በመሥሪያ ቤታችን ስሌት ኖራ ለሄክታር 30 ኩንታል ነበር። የላዩ ማሳ አንድ ቃዳ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ስለሆነ ሰባት ኩንታል ተኩል ደረሳቸው። ከመዝራታቸው አንድ ወር በፊት በትነው በማረሻ አዋሐዱት። በዚያ ዓመት ገብሱ ጉልበቴ ደረሰ።

የሚያንገበግበኝ ሌላው ነገር ነው። ያ ዘመቻ በፌስታል ብዛት ስብሰባ ላይ ተጨብጭቦለታል። ከዚያ ሁሉ ፌስታል ስንቱ የሁለት ላም ወተት እንደነበር ማን ያውቃል? ጎጃም እኮ አንድ አፈር አይደለም። ወደ ቢቸና ብትሄድ ዋልካ ነው፣ የጤፍ አገር። ወደ አዊ ብትሻገር አሲድ የበዛበት ቀይ አፈር ነው። ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው ዴከረንስ የሚባለውን የግራር ዛፍ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ፣ መልሶ ጤፍ ይዘራበታል። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ወደ ታች ስትወርድ ደግሞ የአንድ ሰው ማሳ ውስጥ እንኳን አፈሩ ይቀየራል። ይሄን የሚያውቀው የሚያርሰው ሰው ነው። እሱን ሳይጠይቁ ቁጥር መሰብሰብ ያናድደኛል።

ሁለተኛውን ናሙና የወሰድን ቀን ሽማግሌው ፌስታሎቹን ከእጄ ተቀበሉኝ። ማንበብ አይችሉም። የላዩን አንድ ጊዜ፣ የታቹን ሁለት ጊዜ ቋጠሩና "እንዳይሳሳቱብህ" ብለው ሰጡኝ። ዛሬም ወረቀት ለጥፌ ስጨርስ እንደዚያው ነው የምቋጥረው። ለላዩ አንድ፣ ለታቹ ሁለት።