እንጀራ አቁሜ ኪቶኔን ስለካ ያየሁት

እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝና ስኳር አቁሜ በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በአይብና ቅቤ በበዛበት ጎመን ከረምኩ። ምክንያቴ ቦርጭ ነው፣ አልዋሽም። ከጣት ደም ጠብታ ኪቶን (ስኳር ሲያንስ ጉበት ከስብ የሚሠራውን ነዳጅ) የሚለካ መሣሪያ ከገዛሁ በኋላ ግን ከቦርጩ ይልቅ ቁጥሩን ማየት ሱስ ሆነብኝ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አታንሱብኝ። ራስ ምታት፣ ድካም፣ ነጭናጫነት። ጉበት የሚያከማቸው ስኳር ቢበዛ ወደ 100 ግራም ነው፤ ምግብ ካልገባ በአንድ ቀን አካባቢ ያልቃል። አብሮት ውሃ ይወጣል፣ ኢንሱሊን (የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን) ሲወርድ ደግሞ ኩላሊት ጨው ይለቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀንሰው ኪሎ በአብዛኛው ውሃ ነው፣ ቶሎ አትጨፍሩ። እኔን ራስ ምታቱ የለቀቀኝ ጨው ያለው የአጥንት መረቅ ስጠጣ ነው።

ከዚያ የኪቶኑ ቁጥር 0.5ን (በሚሊሞል በሊትር) አለፈ። ኢንሱሊን ሲያንስ የተከማቸው ስብ እየተፈታ ጉበት ይደርሳል፣ ጉበት ከሱ ኪቶን ሠርቶ ወደ ደም ይለቃል። የሚገርመኝ ጉበት ራሱ ኪቶኑን መጠቀም አለመቻሉ ነው፤ ለዚያ የሚሆን ኢንዛይም የለውም፣ ለሌላው አብስሎ እሱ አይቀምስም። ልብና ጡንቻ ይወስዱታል፣ ከሁሉም በላይ ግን አንጎል ይፈልገዋል፣ ምክንያቱም ስብን እንዳለ ማቃጠል ብዙም አይሆንለትም። በ1967 እነ ጆርጅ ካሂል ለሳምንታት ምግብ ያልበሉ ሰዎችን ለክተው አንጎላቸው አብዛኛውን ጉልበት ከኪቶን እንደሚያገኝ አሳይተዋል።

ትንፋሼም ተቀየረ። ባለቤቴ «የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጠጣህ እንዴ?» አለችኝ። ልክ ናት። አንዱ የኪቶን ዓይነት አሴቶን ነው፣ በትንፋሽ ይወጣል፣ ማስለቀቂያው ውስጥ ያለውም ያው ነው።

መሣሪያው በእጄ ስላለ ዐቢይ ጾም ላይም ሞከርኩት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስቆይ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሽሮ በእንጀራ ከቀመስኩ በኋላ ግን ተመልሶ ይወርዳል። በሽንት ወረቀት የምትለኩ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ቀለሙ ቢደበዝዝ አትደንግጡ፤ ወረቀቱ በደም ውስጥ የሚበዛውን የኪቶን ዓይነት አያይም።

የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ በተለይ ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንዳትሞክሩት። የኔ ቁጥር ከ3 አልዘለለም። ኢንሱሊን ሲጠፋ ግን ኪቶን ከ10 በላይ ሊወጣና ደምን አሲድ ሊያደርግ ይችላል፣ ያ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስሮጥ ነው።