አሮጊቷን ላፕቶፕ ልቀይራት ወይስ ላድሳት? የሁለት ወር ውሎዬ

ባለፈው "ላፕቶፔን ልቀይር ነው" ብዬ ስፎክር የሰማችሁኝ ካላችሁ፣ አልቀየርኩም። ይህንንም የምጽፈው በዚያችው ነው። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁ፣ መሃል ላይ የሠራኋትን ስህተትም ጨምሬ።

ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ450 ናት። ሞዴሉ የወጣው በፈረንጆቹ 2015 ነው፣ እኔ ጋ የደረሰችው ዩዝድ ሆና። ፕሮሰሰሯ (አንጎሏ) አምስተኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ5፣ 4 ጊጋ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ)፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ቀን ቀን በፒችትሪ፣ በሒሳብ መያዣው ፕሮግራም፣ የሰው ሒሳብ እሠራባታለሁ፣ ማታ ደግሞ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እማርባታለሁ። ጠዋት አብርቻት፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ለባብሼ ስመለስ ክቧ ገና እየዞረች ትጠብቀኛለች። አንድ ቀን በስልኬ ያዝኩት፤ 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ።

መዘግየቷን እንኳ ለምጄው ነበር። የገፋፋኝ የዊንዶውስ ነገር ነው። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኢንቴል ከሆነ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። የኔዋ አምስተኛ ናት። ለሚመዘገብ ሰው የአንድ ዓመት የደህንነት ማራዘሚያ አለ፣ እሱም ጥቅምት 3 ቀን 2019 ያበቃል። በቃ የሷ ነገር አልቆለታል አልኩና መገናኛ ወረድኩ።

ፓክዱን (ያልተከፈተውን አዲስ) አልጠየቅኩም፣ አቅሜን አውቃለሁ። ዩዝድ ስምንተኛ ትውልድ ስንት ነው ስል የተጠራልኝ ዋጋ የሦስት ወር ደሞዜ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። "መጨረሻው ስንት ነው?" ብዬ ተከራክሬ ተከራክሬ የተቀነሰልኝ የታክሲ ብር ናት። ከዚያ ሁለት ጥገና ቤት ገባሁ፣ ሁለቱም ሳይከፍቷት "ፎርማት ይደረግ" አሉኝ። አገራችን ውስጥ ፎርማት የማያድነው በሽታ የለም መሰለኝ።

ቤት ተመልሼ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፤ ምን እንደሚያዘገያት ቁጭ ብዬ አየሁ። ምን ምን እንደተጨናነቀ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ከፍቼ ክሮም፣ ፒችትሪና ኮድ መጻፊያዬን አንድ ላይ አስነሳሁ። ፕሮሰሰሩ 20 ፐርሰንት አካባቢ እየዋለለ ነው፣ ሥራ ፈቷል ማለት ይቻላል። ዲስኩ ግን 100 ላይ ተቸክሏል፣ ራሙም ከ4 ጊጋ 3.7 ተይዟል። ላፕቶፕ ሻጩ ሊያስቀይረኝ የነበረው እንግዲህ ያልደከመውን ክፍል ነው። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስክ ላይ ያራግፋል፣ ዲስኩ ደግሞ የሚሽከረከር ሳህን ያለው የድሮው ዓይነት ስለሆነ እየተጎተተ ይጽፋል፣ እሱ እስኪጨርስ ሁሉም ነገር ቆሞ ይጠብቃል። "ሃንግ አደረገች" የምንለው ብዙውን ጊዜ ይኼ ነው። የዲስክ ጤና በሚያሳየው ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለ ፕሮግራምም መረመርኩት፣ ቢጫ አበራ። የተበላሹ ቦታዎችን በመጠባበቂያ መተካት ጀምሯል ማለት ነው። ያን ማታ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ፋይሎቼን በሙሉ ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጥኩ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይቺን ዛሬውኑ አድርጉ።

ውሳኔው ቀለለልኝ፤ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ፈጣን ዲስክ) እና 8 ጊጋ ራም። ስህተቷ የመጣችው እዚህ ጋ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አይደል፣ ከሥራ መልስ እየሮጥኩ ገብቼ "ዲዲአር3 የላፕቶፕ ራም" ብዬ ገዛሁ። ገባልኝም፣ ቀጭ ብሎ ተቀመጠ። ሳበራት ግን ስክሪኑ ጨለማ፣ እሷ ጢጥ ጢጥ እያለች ትጮሃለች። ገደልኳት ብዬ ላብ በላብ ሆንኩ። አውጥቼ ከአሮጌው ጎን ሳስቀምጠው ነው ያየሁት። በአሮጌው ላይ ፒሲ3ኤል ይላል፣ የገዛሁት ላይ ፒሲ3 ብቻ። ያቺ ኤል በ1.35 ቮልት ይሠራል ማለት ናት፣ ያለሷ ያለው 1.5 ቮልት ይፈልጋል፣ የኔዋ ትውልድ ደግሞ ዝቅተኛውን ብቻ ነው የምትቀበለው። ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ ዓይን ይሸወዳል። ባለሱቁ ትንሽ ጨምሬ ለወጠልኝ፣ ኮርቶ እንኳ አላየኝም፣ ተባረክ ብያለሁ።

አንዲት ፊደል ሌላም ቦታ ጉድ ትሠራለች። ቲ450 ሁለት የራም ማስገቢያ አላት። ቲ450ኤስ የተባለችው ቀጭኗ እህቷ ግን 4 ጊጋው ቦርዱ ላይ ተበይዶ አንድ ማስገቢያ ብቻ ነው ያላት። ስለዚህ ራም ከመግዛታችሁ በፊት ሆዷ ላይ ያለውን ስም እስከ መጨረሻው ፊደል አንብቡ። ራሙ ሙሉ በሙሉ የተበየደ ከሆነ ይኼ ጽሑፍ ብዙም አይጠቅማችሁም፣ መቀየሩ ሳይሻል አይቀርም።

አከፋፈቷ አያስፈራም። ይቺ ላፕቶፕ ከውጭ ከሚነቀለው ባትሪ ሌላ ውስጥ የተቀበረ ሁለተኛ ባትሪ አላት፣ እሱን ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ኮንፊግ ከዚያ ፓወር፣ ዝርዝሩ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ብሎኖቹን አላልቼ ጠርዙን ጊዜው ባለፈበት ኤቲኤም ካርድ ዙሪያውን ፈለቀቅኩት። በየጥጉ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፣ በእያንዳንዱ ቀጭ ልብ ይደነግጣል። ፋኑ ላይ የአቧራ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። በቀለም መቀቢያ ብሩሽ ጠረግኩት።

አሁን በ19 ሰከንድ ትነሳለች። ለሁለቱ ዕቃ ያወጣሁት ለዩዝዷ ከተጠራልኝ ዋጋ አንድ አምስተኛ አይሞላም።

የዊንዶውሱን ጉዳይ በሁለት ከፈልኩት። ፒችትሪ ያለ ዊንዶውስ አይሆንልኝም፣ ስለዚህ ዊንዶውስ 10 ኢንተርኔት ተዘግቶበት ለሒሳብ ብቻ ይኖራል። ለቀረው ሁሉ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ነፃ ሲስተም ሊኑክስ ሚንት 22 ጫንኩ፣ እሱ እስከ ፈረንጆቹ 2029 ዝማኔ ያገኛል። የሰጋሁት ለአማርኛው ነበር፣ አማርኛ መተየቢያው ኪይማን ሊኑክስ ላይም ስለሚሠራ ተገላገልኩ። ለፓይተን እንዲያውም ተመችቶኛል። የስልክ አፕ መሥሪያውን አንድሮይድ ስቱዲዮ የምትማሩ ግን በኔ አትሂዱ፣ እሱ ኢሙሌተሩ (ኮምፒውተር ላይ የሚከፈተው አስመሳይ ስልክ) ሲጨመርበት 16 ጊጋም ይበላል፣ ባለ ሁለት ኮሯ የኔዋ አትችለውም።

ያልተፈታው ባትሪው ነው። የዊንዶውስ ኮማንድ (ትዕዛዝ መጻፊያው) ላይ "powercfg /batteryreport" ብላችሁ ስታስኬዱ ባትሪው ሲመረት የነበረውንና አሁን የቀረውን አቅም ያሳያችኋል። የውስጡ 23 ዋት ሰዓት ከነበረው 9 ቀርቶታል። መብራት ሲጠፋ ግማሽ ሰዓት ታቆየኛለች፣ ያውም ስክሪኑን አደብዝዤ። ገበያ ላይ ያየኋቸው ሁሉ "ኦርጅናል" ናቸው፣ ዋጋቸው ግን እርስ በርሱ በእጥፍ ይለያያል። ለቲ450 ገዝታችሁ ስድስት ወር የቆየላችሁ ካላችሁ የት እንደገዛችሁት ጠቁሙኝ።